የሲአርፒ ውጤት ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ሲቆጣ፣ ማለትም ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ነገር ሲነሳ፣ በደም ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የላቦራቶሪ ወረቀታቸው ላይ ያገኙታል። ጥሩ ምርመራ ነው። አነባበቡን ካላወቁበት ግን ወይ በከንቱ ያስጨንቃል፣ ወይ በከንቱ ያጽናናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ፣ በአንድ ውጤት ብቻ አይደምድሙ። የደረት ኢንፌክሽን፣ የድድ ሕመም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል፣ ሁሉም ሲአርፒን ከፍ ያደርጋሉ። ቶሎም ይለዋወጣል፤ መንስኤው ሲቆም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው የልብ ሕመም ስጋትን ለመገመት ተለክቶ ከ10 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሲወጣ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተቆይቶ እንዲደገም የሚመከረው።

መለኪያውንም ይዩ። አንዱ ላቦራቶሪ በሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በዴሲሊትር። 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 10 ሚሊግራም በሊትር ነው።

ትልቁ ስህተት ምልክቱን መንስኤ ማድረግ ነው። «ሲአርፒን ያወርዳል» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ብዙ ነው። ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለልብ ድካም (ሃርት አታክ) ይበልጥ መጋለጣቸው እውነት ነው። ነገር ግን በዘር ምክንያት ሲአርፒያቸው ከፍ የሚል ሰዎች ሲጠኑ፣ በዚያ የተነሳ የልብ ሕመማቸው በዝቶ አልተገኘም። ፕሮቲኑ ወሬ ነጋሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

ጥፋተኛውን ፍለጋ ከሲአርፒ በፊት ወዳለው ደረጃ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው የካንቶስ ጥናት የሞከረው ይህንኑ ነው። ከዚህ በፊት የልብ ድካም የደረሰባቸውና ሲአርፒያቸው 2 ሚሊግራም በሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የተሰጠው መድኃኒት ካናኪኑማብ መቆጣትን የሚቀሰቅሰውን መልእክተኛ ፕሮቲን፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን፣ ያግዳል፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል አይቀንስም። እንዲያም ሆኖ ዳግም የልብ ድካም የሚይዛቸው ሰዎች ቀነሱ። በሌላ በኩል በኢንፌክሽን የሞቱት በዙ። ያው መቆጣት ከጀርም የሚከላከልልንም ነውና።

«ኖርማል ነው» ሲባል መዘናጋትም አለ። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ ሲያገረሽ ሲአርፒ ብዙ ጊዜ እምብዛም አይጨምርም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ቶሲሊዙማብ ደግሞ ጉበት ሲአርፒ እንዲያመርት የሚያዘውን የኢንተርሉኪን 6 መልእክት ይዘጋል። ስለዚህ ከባድ ኢንፌክሽን እያለም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም አልለቅ ያለ ሳል ከያዘው ወረቀቱን አምኖ ቤት መቀመጥ የለበትም። የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ነግሮ በአካል ይታይ።