ጦስኛችሁ ለምን ደረቀ? ለምንስ አላበበም?

ጦስኝን የምናውቀው ከሻይና ከሽሮ ጋር ነው። በሜዳው ሲታይ ግን በመንዝና በባሌ ደጋ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል፣ ንብ ከአበባው የማይጠፋ የአገራችን ተክል ነው። እንደ አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር አይጀምርም፤ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል። ከ2,200 ሜትር በላይ የሚኖር ስለሆነ የአዲስ አበባ ከፍታ አይከብደውም። እኔ ግን አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ግቢያችን ሦስት ጊዜ ገድዬ በአራተኛው ነው የያዘልኝ።

በክረምት መሃሉ ይጠቁራል

ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከዚያ ከመሃል ጀምሮ ይጠቁራል። ሰው ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ይጨምርለታል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ነቅዬ ሳየው የሥሩ ልጥ በጣቴ ላይ ሙልጭ ብሎ ቀረ፤ ሽታው የረጋ ኩሬ ነው።

ጦስኝ የለመደው ውሃ የማይቋጥር ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። የኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ ክረምቱን የጠጣውን በቀላሉ አይለቅም። የናንተን ለማወቅ አንድ ስንዝር ቆፍሩና ጉድጓዱን በውሃ ሙሉት። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ውሃው ካልሰረገ እዚያ አትትከሉ።

መፍትሄው ከፍ ማድረግ ነው። ሁለት ስንዝር የሚሆን መደብ በድንጋይ ከልላችሁ፣ ግማሽ አፈር ግማሽ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅላችሁ ሙሉት። ከግንባታ የተረፈ ጠጠር ይበቃል፤ ሲሚንቶ እንዳይኖርበት ግን እጠቡት። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሆነ ጀሪካን ቆርጣችሁ ታቹን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ሳህን አታስቀምጡ።

የበሰበሰ ሥር አይድንም። ጫፉ ገና አረንጓዴ ከሆነ ግን ጣት የሚያህል ቁራጭ ወስዳችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰኩት። ጥላ ውስጥ ከቆየ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል።

ለምልሟል፣ አበባ ግን የለም

ግንዱ ቀጥኖ ወደ ብርሃን የሚንጠራራ ከሆነ ጥላ በዝቶበታል። መሃል ከተማ ይሄ የታወቀ ጣጣ ነው፤ ጎረቤት ፎቅ በወጣ ቁጥር የኛ ግቢ ፀሐይ ይቀንሳል። ቀኑን ግማሽ ፀሐይ የሚያርፍበትን ጥግ ፈልጉለት። ጭራሽ ከሌለ ጀሪካኑን ጣሪያ ላይ አውጡት።

ግንዱ ወፍሮ ቅጠሉ ከተንዠረገገ ደግሞ ጥጋብ ነው። ፍጉን አቁሙ።

ሁለቱም ካልሆነ ማን እንደሚቀነጥበው ተመልከቱ። እኛ ቤት እማዬ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጫፍ ጫፉን ስትለቅም እምቡጡም አብሮ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገባል። ብነግራት «ለንብ ብዬ ሻዬን ልተው?» አለችኝ። ተደራደርንና ግማሹ መደብ የሷ፣ ግማሹ የንብ ሆነ።

አበባ አለ፣ ንብ የለም

በመጀመሪያ፣ ማልዳችሁ አትፈልጉት። ብርዱ ሳይለቅ ንብ አይወጣም፤ ረፋድ ላይ እዩ። ሁለተኛ፣ እዚህም እዚያም የተበተነ ጦስኝ ንብ አይጠራም። አንድ ላይ አድርጉት።

በጣም የምጠረጥረው ግን ፍሊቱን ነው። መኝታ ቤት መስኮት ሥር ከተከላችሁ የማታው ፍሊት እዚያው ያርፋል። ጎመን ላይ የምትረጩት ፀረ ተባይም በነፋስ ይደርስበታል። አበባ ላይ እያለ አጠገቡ ምንም አትርጩ።

ዘሩ አልበቀለም

ቀብራችሁት ይሆናል። እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ አፈር አይጫነውም። ላዩ ላይ በትናችሁ በመዳፍ ጫን አድርጉት፣ ውሃውን ጠብ ጠብ አድርጉለት። ከሰው ግቢ ቁራጭ ለምናችሁ ብትተክሉ ግን ይቀላል።

መሃሉ እንጨት ሆኖ ተላጠ

ይሄ እርጅና ነው። አበባው ሲረግፍ አንድ ሦስተኛውን ከርክሙት፤ ቅጠል ወደሌለው እንጨት ግን አትውረዱ። ለተላጣው ቦታ ከጎን ያለውን ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ ጎንበስ አድርጉና፣ ወገቡ ላይ አፈር አልብሳችሁ ድንጋይ ጫኑበት። እኛ ኅዳር ላይ የጫንነውን ድንጋይ ጥር መጨረሻ ላይ ስናነሳው፣ አዲሱ ሥር ጠጠሩን ጨብጦ አገኘነው።