ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የጥንት ፍርስራሽ ሲገኝ ምን ይደረጋል?

የጣና ውኃ ከክረምት በኋላ ቀስ በቀስ እየሸሸ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ዝቅተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ በሮች ባሕር ዳር ላይ ከተሠሩ ወዲህ ደግሞ ከፍታው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሚለቀቀው ውኃም ይወሰናል። ስለዚህ በባሕር ሸሽ መሬት ላይ የግንብ መሠረት ወይም በአንድ ስፍራ የተከማቸ ብዙ ገል ያገኘ ሰው ጊዜው አጭር መሆኑን አውቆ፣ ነገር ግን ሳይቻኮል መሥራት ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት ምንም አያንሱ፤ አይቆፍሩ። ከቦታው የተነሣ ገል ከየትኛው ወለል ላይና ከምን አጠገብ እንደነበረ መልሶ ማወቅ አይቻልም። ወርቅ ተቀብሯል የሚለው ወሬ ከውኃው ይልቅ ብዙ ያጠፋልና ቦታውን በየመንደሩ ባያወሩት ይመረጣል።

ፎቶ የሚነሣው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመሬት ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ያለ የግንብ መስመር እንኳ ጥላ ይጥላልና። መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ ከጎኑ ያስቀምጡ፤ አንዱን ፎቶ ከቅርብ፣ ሌላውን ከርቀት ያንሱ። የስልክዎን ሎኬሽን ከመያዝ በተጨማሪ እንደ ዋርካ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ካለ ቋሚ ምልክት ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው ይጻፉ፤ ውኃው ተመልሶ ሲሸፍነው ቦታውን የሚያስገኘው ይህ ነው።

ከዚያም ለቀበሌውና ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳይዘገዩ ያሳውቁ፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጣለ ግዴታ ነው። መሬቱን የሚያርስ ገበሬ ካለ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ያችን ቁራጭ መሬት ሞፈር እንዳይነካት በትሕትና ይጠይቁት።

ባለሙያ ከደረሰ ጥቂት ወራትም ብዙ ያሠራሉ። በኢራቅ የሞሱል ግድብ ውኃ ለእርሻ ተለቅቆ በቀነሰ ጊዜ፣ የኩርድና የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ኬሙኔ በተባለው ስፍራ 3,400 ዓመት ገደማ ያስቆጠረችውን የሚታኒ (በሰሜን ሜሶጶጣሚያ የነበረ የጥንት መንግሥት) ዘመን ከተማ ግንብና መጋዘን ቆፍረው መዘገቡ፤ ከ100 በላይ ጽሑፍ ያለባቸው የሸክላ ሰሌዳዎችም አገኙ። ውኃው ከመመለሱ በፊት የጭቃ ጡብ ግድግዳዎቹን በፕላስቲክ ሸፍነው ጠጠር ጫኑባቸው። ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ስለሆነ፣ አግኚው ለመከላከል ብሎ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ አይደርብበት።