የዓድዋን ጦር ጠረጴዛ ላይ ለማሰለፍ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ዓድዋን ሙሉውን ልሥራ» ብሎ መነሣት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው። የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ብዙ ጊዜ 100,000 ገደማ ተብሎ ይገመታል። አንድ ሚኒየቸር (ለጠረጴዛ የጦር ጨዋታ ተቀብቶ የሚሰለፍ ትንሽ የወታደር ምስል) 50 ሰው ይወክል ብንል እንኳ ለጣሊያን 354፣ ለኢትዮጵያ 2,000 ሚኒየቸር ያስፈልጋል። አንዱን በወጉ ለመቀባት አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ በሳምንት 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ5 ዓመት በላይ ነው። አብዛኛው ሰው 40ኛው ላይ ሲደርስ ሳጥኑን አልጋ ሥር ይከተዋል።

ከውጊያው አንዱን ክፍል ይምረጡ። ከጣሊያን ጦር የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ወደ 4,000 ሰውና 14 መድፍ ነበረው፤ በዚያው ስሌት 80 ሚኒየቸር፣ ለመድፎቹም 3 የመድፍ ሞዴል ይበቃዋል። ከፊቱ 200 ኢትዮጵያውያን ቢያቆሙ ሁለት ሰው ተካፍሎ በአንድ በጋ የሚጨርሰው ሥራ ይሆናል። ብርጌዱ በአብዛኛው የአስካሪ (ጣሊያን ከቅኝ ግዛቷ የመለመለቻቸው አፍሪካውያን ወታደሮች) ጦር ስለነበረ የጣሊያን መኮንኖቹ ጥቂት ናቸው፤ ይህም የቀለሙን ሥራ ያቀልላል።

መጠን ማደባለቅ

28 ሚ.ሜ. የሚባለው ከእግር ጫማ እስከ ዐይን የሚለካ ነው። 1/72 ደግሞ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነውና 1 ሜትር ከ75 የሆነውን ሰው 24 ሚ.ሜ. ገደማ ያደርገዋል። ልዩነቱ ለወሬ ትንሽ ይመስላል። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የ28ቱ ጭንቅላትም እጅም ጠመንጃም ወፈር ስለሚል፣ የ1/72ቱ ወታደር አባቱን ተከትሎ የዘመተ ልጅ ይመስላል። ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሚገባ መልሶ መቀየር የለም። መጠኑን በስልክ አይንገሩ፤ ጽፈው ይላኩ። ስፕሬይ ቀለም አምጣልኝ ብለውም ዘመድዎን አያስቸግሩ፤ በአውሮፕላን መጫን የተከለከለ ነው። በውሃ የሚቀጥኑ አክሪሊክ ቀለሞች ግን በሚጫነው ሻንጣ ይመጣሉ።

ለሁሉም አንድ ማጣበቂያ

ጠንካራውን ፕላስቲክ የሚያያይዘው ገጹን አቅልጦ የሚያዋህደው የሞዴል ማጣበቂያ ነው። ያ ማጣበቂያ ብረትና ሬዚን (ፈሶ በቅርጽ ማውጫ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ቁስ) ላይ አይሠራም፤ እነሱ ሱፐር ግሉ ይፈልጋሉ። በ1/72 የሚመጣውን ለስላሳና ተጣጣፊ ፕላስቲክ ሁለቱም በደንብ አይዙትም። ለእሱ ቀጭን መርፌ አግለው በሁለቱም ወገን ቀዳዳ ያበጁና የሽቦ ቁራጭ ያስገቡበት።

ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲሞርዱ እያራሱ ይሁን፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። የቆዩ የብረት ሚኒየቸሮች ደግሞ እርሳስ ያለባቸው አሉ። በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ነንና ከሥራ ወደ ማዕድ ሲሄዱ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ብሩሽ በከንፈር ማሾልም ይቅር።

አንቲሩስት መቀባት

ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ ፕራይመር ያስፈልጋል ሲባል ብዙዎች ለመስኮት ብረት የተረፈውን አንቲሩስት ያነሣሉ። አንቲሩስት ወፍራም የዘይት ቀለም ነው፤ የዐይንን ጉድጓድ፣ የጥይት መቀነቱን፣ የሸማውን እጥፋት ሞልቶ ወታደሩን የቀለጠ ሻማ ያስመስለዋል። የመኪና ቀለም ቤቶች የሚሸጡት ግራጫ ፕራይመር ስፕሬይ በጣም ይሻላል። ሆኖም ቲነር ስላለበት መጀመሪያ ሚኒየቸሮቹ ተያይዘው በመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ይሞክሩት። ከፎም በተሠራ ኮረብታ ላይ ፈጽሞ አይንፉት፤ ፎሙን ይበላዋል። ኮረብታው መጀመሪያ በኮላና በውሃ ቀለም ይሸፈን።

ከፕራይመሩ በፊት ሚኒየቸሮቹን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው የቀረው ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ ከወር በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ለስላሳው ፕላስቲክ ከታጠበ በኋላም ሲታጠፍ ቀለም ያፈናጥራል፤ ስለዚህ በውሃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ በስሱ ይቀቡትና ሲደርቅ ወደ አክሪሊኩ ይለፉ።

የአየሩን ጠባይ መርሳት

በክረምት፣ በተለይ እንጦጦ ግርጌና ሱሉልታ በኩል፣ አየሩ እርጥብ ነው። በዝናብ መሃል በረንዳ ላይ ስፕሬይ ከነፉ ፕራይመሩ ይጎረብጣል፤ ማት ቫርኒሽ (በመጨረሻ የሚቀባው የማያብለጨልጭ መከላከያ) ደግሞ ነጭ ጉም ለብሶ ይቀራል። በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ደረቅ ጠዋት ጠብቀው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይንፉ። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጣሳው ይቀዘቅዝና ቀለሙ በነጠብጣብ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያቁሙት፤ ምድጃም ከሰልም አጠገብ አይድረስ፣ ይፈነዳል። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ያህል ይናጡ፤ ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ. ይሁን። በበጋ ከዚያ ከራቁ ቀለሙ በአየር ላይ ይደርቅና ወታደሩ ብርጭቆ ወረቀት የለበሰ ይመስላል።

የበጋው ሌላ ችግር ቀለም ሲኒ ማስቀመጫ ላይ መቀላቀል ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በዚያ ደረቅ አየር አንድ ጠብታ አክሪሊክ ደቂቃዎች ሳይቆይ ቆዳ ያወጣል። ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ ይውሰዱ፤ የራሰ ስፖንጅ ያንጥፉ፤ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያድርጉ። በዚያ ላይ የተቀላቀለ ቀለም ክዳኑ ሲዘጋ ለማግስቱ ይቆያል። ውሃውን በየሦስት ቀኑ ካልቀየሩት ይሸታል።

በዚሁ ምክንያት በጣም ቀጭኑ ብሩሽ ለዐይንና ለቁልፍ ይሻላል የሚለው እምነት እዚህ አያዋጣም። ጫፉ ላይ የያዘችው ትንሽ ቀለም ወታደሩ ጋ ሳትደርስ ትደርቃለች። ጫፉ የሾለ 1 ቁጥር ብሩሽ ይበልጣታል። ቀለሙ ከጠጉሩ እኩሌታ አይለፍ፤ ብረቱ ውስጥ ከገባ ጠጉሩ ይበተናል።

ሸማን በነጭ መጀመር

የኢትዮጵያን ጦር የሚቀባ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው። ነጭ ልብስ ነው ተብሎ ከጠርሙስ በወጣ ነጭ ሲቀባ ወታደሩ በኖራ የተነከረ ይመስላል፤ ብርሃን የሚጨመርበት ቦታም አይቀርም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ራሱ ወደ ወተት ቀለም ያደላል፤ አቡጀዲም ቢሆን ከጥቂት ቀን ዘመቻ በኋላ አፈር ይለብሳል።

4 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ ፈዛዛ ቡኒ፣ ትንሽ ግራጫ ቀላቅለው መሠረቱን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። ከዚያ 1 እጅ ቡኒ በ8 እጅ ውሃ አቅጥነው በእጥፋቶቹ ብቻ ይልቀቁት። መላውን ልብስ አጥለቅልቀው ከሄዱ በበጋ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና የቡና ሲኒ የተቀመጠበት ጨርቅ ዓይነት ክብ ይተዋል። የተጠራቀመውን በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ይምጠጡት፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ መሠረቱን በእጥፋቶቹ ጀርባ ይመልሱ። ንጹሑ ነጭ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ትከሻ ላይና በጨርቁ ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር።

የጃኖው ቀይ ጥለት ከሁሉ በኋላ ይሰመራል። መጀመሪያ ቡኒ የተቀላቀለበት ጥቁር ቀይ፣ በመሃሉ ጠበብ ያለ ደማቅ ቀይ። መስመሩ ከጨርቁ እጥፋት ጋር ይጎብጥ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ጥለት ጨርቁን ሰሌዳ ያደርገዋል። ለሁሉም ጥለት አይስጡ፤ በየአሥሩ ሁለትና ሦስት ይበቃል።

የፊት ቀለም ደግሞ በጥቁር አይጀመርም፤ በነጭም አይበራም። ነጭ ጠይም ፊት ላይ ሲገባ አመድ ያስመስላል። ቀላ ካለ ጥቁር ቡኒ ተነሥተው በቢጫ አፈር ቀለም ያብሩ፤ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ። ሦስት የተለያየ መሠረት አዘጋጅተው ቢያፈራርቁ ሠራዊቱ የአንድ እናት ልጆች አይመስልም። ይህን ሁሉ ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ አይሞክሩት። የሻማ ብርሃን ነጩን ቢጫ አድርጎ ስለሚያሳይ ጠዋት ሲነሡ ግራጫ ሸማ ያገኛሉ።

ዘመን ማደባለቅ

የጣሊያን ወታደር ግራጫማ አረንጓዴ የለበሰው ከዓድዋ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ዓድዋ ላይ ካኪና የቡሽ ቆብ ነው። አስካሪው ነጭ ልብስ፣ ባለ ጥቅል ዘርፍ ቀይ ታርቡሽና እንደ ሻለቃው የሚለይ ባለ ቀለም መቀነት አለው። መቀነቱን በየሻለቃው አንድ ዓይነት ካደረጉት በጨዋታ ጊዜ ጦሩን ለመለየት ይረዳል። የአገሩ ጎራዴ በቀኝ ጎን ይታጠቃል፤ ግራ እጅ ጋሻ ይይዛልና። በግራ የታጠቀ ሚኒየቸር ከመጣልዎ ቆርጠው ያዙሩት። ጎፈርና ለምድ የሹማምንትና የጀግኖች ነው። አንድ ጭፍራ ሙሉ ጎፈር ካደረገ አለቃው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ባለ ሦስት ቀለሙ አራት ማዕዘን ሰንደቅም በ1890 ዓ.ም. የመጣ ስለሆነ ለዓድዋ የተለያዩ ሦስት ማዕዘን ሰንደቆች ይስጧቸው።

ከግቢ አፈር መዛቅ

የአቃቂና የቱሉ ዲምቱ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሚኒየቸሩ የቆመበት ላይም ያንኑ ያደርጋል። ለግንባታ ከመጣ አሸዋ ጥቂት ወስደው በሻይ ማጥለያ ይንፉ፤ በኮላ ይለጥፉ፤ ቀላ ባለ ቡኒ ይቀቡ። ጭድ ለሣርና ለጎጆ ክዳን ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ምጣድ ላይ ይታመስ፣ አለበለዚያ ነቀዝ ያፈራል። የጤፍ ፍሬ ጠጠር ይመስላል ብለው አይለጥፉ፤ አይጥ ጦሩን ይፈታዋል። መቆሚያው 3 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ይሁን፤ ካርቶን ኮላው ሲደርቅ ይቆለመማል።

የቤት ዕቃ ቫርኒሽ

የዘይት ቫርኒሽ ያብለጨልጫል፤ ከጊዜ በኋላም ቢጫ ይሆናል። ያን ሁሉ የደከሙበት ሸማ ቅቤ የጠጣ ይመስላል። በውሃ የሚሠራ ማት ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቡ።

ጠረጴዛና ሕግ

አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሳ.ሜ. ነው። እንዳለ ከገዙት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ 4ኛ ፎቅ ማዞር አይቻልም። አናጺው ቤት ሁለት እኩል ያስቆርጡት። 122 በ122 ለአልበርቶኔ ውጊያ ይበቃል፤ ክንድም ከሁለቱም ወገን መሃሉን ይደርሳል። ለ28 ሚ.ሜ. በኢንች የተጻፈ ሕግ በ1/72 ሲጫወቱ ኢንቹን በሳንቲ ሜትር እጥፍ ያድርጉት፤ 6 ኢንች 12 ሳ.ሜ. ይሆናል።

ትልቁ የሕግ ስህተት ሁለቱን ወገን በነጥብ ማመጣጠን ነው። ዓድዋ ሚዛኑ የተስተካከለ ውጊያ አልነበረም። አልበርቶኔ የተሳሳተ የካርታ ንድፍ ይዞ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ወደ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ወጣ፤ ሌላው የጣሊያን ጄኔራል ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሄደ። ይህን በጨዋታው ውስጥ ያስገቡት፤ የጣሊያኑ ተጫዋች ዳይስ ይጣል፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ብርጌዱ ወደታሰበለት ቦታ አይደርስም። ድሉም የተለያየ ይሁን፤ ጣሊያን ከ8ኛው ዙር በፊት ግማሹን ሰውና አንድ መድፍ ይዞ ካፈገፈገ አሸነፈ፤ ኢትዮጵያዊው መድፎቹን በሙሉ ከማረከ አሸነፈ።

ጣሊያን መሆን የሚፈልግ አይገኝም። ዕጣ ይጣሉ፤ በሁለተኛው ጨዋታ ይቀያየሩ። ሳይጨርሱ ከመሸ ጠረጴዛውን ከላይ ፎቶ አንሥተው፣ የዙሩን ቁጥርና የቀሩትን ሰዎች ጽፈው ይነሡ።