የፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰርን በፋይበር ግላስ ውስጥ እንዴት መቅበር ይቻላል?

በድሬዳዋ ጋራዦች በፋይበር ግላስና በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠጥር ፈሳሽ) የሚሠራ የባጃጅ ጣሪያ ወይም የውኃ ታንከር፣ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ሊላቀቁ ይችላሉ። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ፣ ዕቃው ሲሠራ ብራግ ግሬቲንግ የተባለውን ሴንሰር በንብርብሮቹ መካከል መቅበር ነው። ሴንሰሩ በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በጨረር የተሠራ ሲሆን፣ ከሚላክለት ብርሃን አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ 1550 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ክሩ ሲሳብ ይህ ርዝመት ይጨምራል፣ ሲጨመቅ ይቀንሳል።

በመጀመሪያ ፖሊኢማይድ (polyimide) በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተቀባ ክር ይመረጣል፤ ለቴሌኮም መስመር የሚውለው የአክሪሌት ቅብ ለስላሳ በመሆኑ የዕቃውን መሳብና መጨመቅ በትክክል አያስተላልፍም። ክሩ ከፋይበር ግላሱ ክሮች ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በስሱ ተወጥሮ ጫፍና ጫፉ በፕላስተር ይያዝ። ክሮቹን አቋርጦ ከተቀመጠ በዙሪያው የዓይን ቅርጽ ያለው የሬዚን ክምችት ይፈጠርና ራሱ ሴንሰሩ የዕቃው ደካማ ቦታ ይሆናል።

ሬዚኑን በማለዳ፣ በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ ይመከራል። በከተማችን ሙቀት፣ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የገባበት ሬዚን በጎድጓዳ ዕቃ ተጠራቅሞ ከቆየ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ጎድጓዳው ዕቃ እጅ ላይ መጋል ሲጀምር ሬዚኑ እየጠጠረ ነውና ይጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ክሩ ከዕቃው ጠርዝ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አልብሱት፣ ሬዚን ሰርጎ እንዳይገባም የቱቦውን አፍ በሲሊኮን ድፈኑት። ሴንሰሩ ከመቀበሩ በፊት፣ ሬዚኑ እየደረቀ ሳለና ከቀዘቀዘ በኋላ ኢንተሮጌተር በተባለው የንባብ መሣሪያ ንባብ ይወሰድ፤ የመጨረሻው ንባብ ለማነጻጸሪያ መነሻ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሙቀት ጉዳይ ይመጣል። ሴንሰሩ የሚያንጸባርቀው የሞገድ ርዝመት ለ1 ማይክሮስትሬይን (የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መሳብ) በ1.2 ፒኮሜትር (የናኖሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ፣ ለ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ በ10 ፒኮሜትር ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ጣሪያው በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ምንም ሳይጫንበት 170 ማይክሮስትሬይን ያህል የተሳበ ይመስላል። መፍትሔው ሁለተኛ ሴንሰር ጫፎቹ በተደፈኑ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ላላ አድርጎ አጠገቡ መቅበር ነው፤ ይህ ሙቀትን ብቻ ስለሚለካ ንባቡ ከመጀመሪያው ላይ ይቀነሳል። ጭነት ከመጫኑ በፊት ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ቀትር ላይ የሁለቱን ንባብ መዝግባችሁ አመሳክሩ።