ኤዲቲንግ ማሽን ልትገዛ ስትል የምትሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛውን ላፕቶፕ ታቅፎ ከዚራ ሰፈር መጣልኝ። ለቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ ነው። «ጋሼ፣ 32 ጊጋ ራም ነው!» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ቀረጻውን የት ልታስቀምጠው ነው?» ብለው ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። አቦ! ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ሁሉም የሚጠይቀው ራም ነው፤ ዲስክ የሚጠይቅ የለም። ዲኤንኤክስኤችዲ 120 በሚባለው የኤዲቲንግ ቪዲዮ ፎርማት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትሠራ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 54 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። 20 ሰዓት ከቀረጽክ ከ1 ቴራባይት አለፍክ፤ ያውም ቅጂው ሳይቆጠር። ቅጂ ለምን? ልንገርህ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ ስነሳ የዲስኩ ገመድ እግሬን ጠለፈኝና ዲስኩ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። መብራቱ ሲመጣ ሰካሁት፤ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። የሁለት ሳምንት የገጠር ቀረጻ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነበር፤ የካሜራውን ካርዶች አጥፍቼ ሠርግ ቀርጬባቸዋለሁ። በማግስቱ በርጫም አልጣመኝም። ከዚያ ወዲህ ዲስክ የምገዛው ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላ ቤት ያድራል። ካርድ የማጠፋውም ፋይሉን ሁለቱም ዲስክ ላይ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው። ደግሞ ዲስኩን ፋት32 በሚባለው የድሮ አደረጃጀት ፎርማት እንዳታደርገው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሌላው «ኦፍላይን» ሲባል ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚመስላቸው ናቸው። በእኛ ሙያ ኦፍላይን ማለት ቀለል ባለ ቅጂ፣ በፕሮክሲ፣ ታሪኩን ቆርጦ መጨረስ ነው። ኦንላይን ደግሞ የተቆረጠውን ወደ ዋናው ፋይል መልሶ ለስርጭት ማሰናዳት። ይሄ ከገባህ ብዙ ብር ይተርፍሃል። ካሜራህ ቀረጻውን የሚያምቅበት ኤች.264 የሚባለው ፎርማት ማሽኑን የሚያንገላታው ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ፍሬም ከሌላው ፍሬም የሚለይበትን ብቻ ይይዛል፤ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹንም መፍታት ግድ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለበት ፕሮክሲ ካዘጋጀህ አሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራልሃል። የፋይል ስምና ታይምኮድ (በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ያለውን የሰዓት ቁጥር) ግን እንዳትነካ፤ ዋናውን መልሰህ የምታገናኘው በእነሱ ነው።

የጣቢያውን መስፈርት ሳይጠይቁ መጀመር፦ ይሄንንም ሠርቼዋለሁ። በ30 ፍሬም የተቀረጸ ሥራ 25 ለሚፈልግ ጣቢያ ስታወጣው ካሜራው በዞረ ቁጥር ምስሉ ይንገጫገጫል። ፍሬም ሬቱን፣ ኢንተርሌስ (ምስሉ በግማሽ በግማሽ መስመር የሚተላለፍ) ይሁን ፕሮግሬሲቭ (ሙሉ ምስሉ በአንዴ)፣ የድምጹን መጠን አስቀድመህ በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተነገረህን ማንም አያስታውስልህም።

ቀጭን ላፕቶፕ ለድሬ ግንቦት አይሆንም። ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ዴስክቶፕ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ከሚያቆይ ባትሪ) ጋር ግዛ፣ አቧራውን አራግፍ።

ሶፍትዌር ላይ አልጨቃጨቅም። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው እትም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ሊነክስ ላይ ግን ኤች.264 አይከፍትልህም። ፕሪሚየር በኪራይ ነው፤ አልፎ አልፎም ኢንተርኔት ገብቶ ፈቃዱን ማረጋገጥ ይፈልጋል።

ፊደሉን ግን ሳትገዛ ፈትን። አሮጌው ፓወር ግዕዝ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ግዕዝ የሚያስቀምጥ ፎንት ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዩኒኮድ የሆኑትን (ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ አሠራር የሚከተሉትን)፣ ኒያላን ወይም ኢብሪማን፣ ተጠቀም። እኛ አንዴ ፕሮጀክቱን ለኦንላይን ሌላ ማሽን ላይ ከፍተን፣ ሌሊት ስለነበር ማንም ምስሉ ላይ የጻፍናቸውን ስሞች ሳያይ ላክነው። ሲተላለፍ የተናጋሪው ሽማግሌ ስም ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ልጃቸው ደወለልኝ፦ «አባባን ምን ብላችሁ ነው የጠራችኋቸው?»