የነጭ ጉሮሮን አመጋገብ በተመለከተ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እንግሊዞች ዋይትስሮት የሚሉት፣ እኛም በመልኩ ነጭ ጉሮሮ ልንለው የምንችለው ወፍ ከ12 እስከ 18 ግራም ያህል የሚመዝን የቁጥቋጦና የተክል አጥር ዘማሪ ነው። በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ይራባል፤ ብርዱን ከሰሃራ በስተደቡብ ያሳልፋል። ከምሥራቅ በኩል የሚነሡት በእኛ መስከረምና ጥቅምት በኢትዮጵያ አልፈው ወደ ደቡብ ይዘልቃሉ።

በአማርኛ አንባቢ ዘንድ በቀላሉ የሚፈጠረው ስህተት የወቅት ነው። በአውሮፓ መጻሕፍት የተጻፈውን የብርድ ወቅት «ክረምት» ብለን ስንተረጉም የወፉ የምግብ ዘመን ይገለበጥብናል፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲጀምር እሱ ሰሜን ላይ ጫጩቶቹን ይመግባል፣ የአውሮፓ ብርድ ደግሞ የእኛ በጋ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመንቆሩን ቅጥነት ብቻ አይቶ ነፍሳት በል ነው ብሎ መደምደም ነው። በግንቦትና በሰኔ በእርግጥ አባጨጓሬ፣ ሸረሪት፣ ጥቃቅን ጢንዚዛና ክሽክሽ ከቅጠል ሥር እየለቀመ ይኖራል፤ ጫጩት ሥጋና ላባ የሚያወጣው በፕሮቲን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ምግብ የለውም። ሐምሌ ሲጋመስ ግን ወደ እንጆሪና ሌሎች የአጥር ፍሬዎች ያዘነብላል፤ ምክንያቱም ረጅሙን ጉዞ የሚያስችለው ነዳጅ ስብ ነው፣ የፍሬው ስኳር በሰውነቱ ውስጥ ወደ ስብ ይለወጣል፣ ፍሬ ደግሞ እንደ አባጨጓሬ አይሰወርም። ያም ሆኖ ፍሬ በፕሮቲን ደሃ ስለሆነ ነፍሳትን ፈጽሞ አይተውም፤ ስለዚህ «አሁን ፍሬ በል ሆነ» ማለትም ያው ስህተት ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ሦስተኛው በአጥር ባለቤቶች እጅ የሚፈጸም ሲሆን፣ በእኔ እምነት ጉዳቱ ከሁሉም ይከፋል። በእንግሊዝ ገበሬዎች ከየካቲት 22 እስከ ነሐሴ 25፣ ማለትም ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31፣ አጥር እንዳይከረክሙ በሕግ ተከልክለዋል። ክልከላው ባበቃ ማግስት መቁረጥ ግን ጎጆውን ቢያድንም፣ ለጉዞ የሚወፍረውን ወፍ ፍሬውን ይነጥቀዋል። በየዓመቱ መከርከምም እንዲሁ ነው፤ በአጥር ላይ የሚበቅሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎችና የዱር እንጆሪ በአብዛኛው የሚያብቡት ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ የሚቆረጥ አጥር ለምልሞ ቢታይም ፍሬ አይሰጥም። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በብርዱ ወራት መጨረሻ መከርከም ይሻላል።

ከአጥሩ ግርጌ ሳማንና ረጃጅም ሣርን ማጽዳትም ልማድ ነው፤ ወፉ ግን ጎጆውን የሚሠራውም፣ ብዙ ምግቡን የሚያገኘውም እዚያው ነው። እህል መበተን አይተካለትም።

የመጨረሻው ስህተት ቁጥሩ ሲቀንስ ምክንያቱን በአጥሩ ዙሪያ ብቻ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የጸደይ ወራት ወደ ብሪታንያ የተመለሱት ከቀዳሚው ዓመት ከሁለት ሦስተኛ በላይ አንሰው ተገኙ፤ አጥሮቹ በአንድ ዓመት አልተለወጡም፣ ወፉ ብርዱን የሚያሳልፍበት፣ ከሰሃራ በስተደቡብ የተዘረጋው የሳህል አካባቢ ግን በድርቅ ተመትቶ ነበር። በዚያ ምድር ወፉ ሰሃራን ዳግም ከማቋረጡ በፊት የሚወፍረው በአብዛኛው የመፋቂያ ዛፍን ፍሬ በልቶ ነው፤ ዛፉ ሳያፈራ ሲቀር ወይም ለማገዶ ሲቆረጥ ወፉ በረሃውን ያለ ስንቅ ይጀምራል።