«አይ5 ነው» ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ፦ ኪዩብስ ኦኤስ ከመጫን በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ወዳጄ ጋዜጠኛ ነው። መረጃ የሚሰጡት ሰዎች ማንነት ላፕቶፑ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ኪዩብስ ኦኤስ የተባለውን ለደኅንነት የተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንድጭንለት ብሎ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ430 ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ኮር አይ5 ነው፣ ምንም አይጎድለውም» ብሎታል። የኪዩብስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ማሽኑን አስነሳሁት። መጫኛው ገና ሲጀምር ማስጠንቀቂያ አመጣ፦ አይኦኤምኤምዩ የለም። ኢንቴል ይህን ቪቲ-ዲ ይለዋል፤ ምን እንደሚሠራ ከታች አስረዳለሁ። ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ገብቼ የሚበራ ነገር ፈለግኩ። አጣሁ። ፕሮሰሰሩን ሳየው አይ5-3210ኤም ነው። አይ5-3320ኤም ቢሆን ኖሮ ቪቲ-ዲ ስላለው ይሠራ ነበር። ያው ቲ430፣ ያው አይ5። ሻጩ ደግሞ «የተሸጠ አይመለስም» አለ።

ኪዩብስን የጀመረችው ፖላንዳዊቷ የደኅንነት ተመራማሪ ጆአና ሩትኮቭስካ ናት፤ 1.0 እትሙ የወጣው በ2012 ነው። ሥራችሁን በየክፍሉ ለያይቶ ያስቀምጣል። ባንክ ለብቻ፣ ኢሜይል ለብቻ፣ ከማን እንደመጣ የማታውቁት ፋይል ለብቻ። አንዱ ክፍል ቢጠለፍ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ግን እነዚህን ግድግዳዎች ለማቆም ማሽኑ ራሱ መተባበር አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሞዴሉን ስም ብቻ ማመን

የወዳጄ ስህተት ይህ ነው። አንድ ሞዴል በተለያየ ፕሮሰሰር ይሸጣል። ቲንክፓድ ቲ480ን ብታዩ፣ አንዱ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ አለው፣ ሌላው የኤንቪዲያ ተጨማሪ ካርድ አለው። ስሙ ግን አንድ ነው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ላፕቶፕ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ «ቲንክፓድ ግዛልኝ» አትበሉት። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት፤ እሱም ከመክፈሉ በፊት የማሽኑን መረጃ ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ቁጥሩን ኢንቴል ገጽ ላይ አስገብታችሁ ቪቲ-ዲ እንዳለው ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቪቲ-ኤክስን እና ቪቲ-ዲን አንድ አድርጎ ማየት

ይህን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። ቪቲ-ኤክስ ክፍሎቹ እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ቪቲ-ዲ ደግሞ እንደ ዋይፋይ ካርድ ያለ ዕቃ የተሰጠውን ክፍል ሚሞሪ ብቻ እንዲነካ ያስገድዳል። ቪቲ-ዲ ከሌለ የተጠለፈ ዋይፋይ ካርድ የማሽኑን ሚሞሪ በሙሉ ሊያነብ ይችላል። ግቢውን አሳምሮ አጥሮ በሩን ሳይዘጉ እንደመተኛት ነው። በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ስማቸው ኤኤምዲ-ቪ እና ኤኤምዲ-ቪአይ ይባላል።

ሻጮች «ቨርቹዋላይዜሽን ይደግፋል» ብለው ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ያሳዩአችኋል። እዚያ በርቷል የሚለው ቪቲ-ኤክስን ብቻ ነው። ስለ ቪቲ-ዲ ምንም አይነግራችሁም። ከ2018ቱ 4.0 እትም ወዲህ ኪዩብስ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ባዮሱን ሳይከፍቱ መግዛት

ፕሮሰሰሩ ቢደግፍም ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያ ችግር አይደለም፣ ታበሩታላችሁ። ችግሩ ባዮሱ በፓስወርድ ሲቆለፍ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ያገለገሉ ቢዝነስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከድርጅት የወጡ ናቸው፤ የአይቲ ክፍሉ ያስገባው ፓስወርድ ሳይነሳ የተሸጠ አለ። ቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ባዮስ ግቡ፤ ቲንክፓድ ላይ በኤፍ1፣ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10። አንድ ነገር ቀይራችሁ ሴቭ ማድረግ ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ማሽኑ ያልተፈቀደ ሲስተም እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትንም እዚያው አጥፉት።

ራምን ማሳነስ

ዝቅተኛው 6 ጊጋባይት ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ይነሳል። ግን እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ማሽን ስለሆነ ሁለት ብሮውዘር ስትከፍቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚመከረው 16 ነው፣ እኔም ከዚያ በታች አልጭንም። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ «በኋላ እጨምራለሁ» አይሠራም። ዲስኩ ቢያንስ 32 ጊጋባይት ይሁን፤ 128 እና ኤስኤስዲ ቢሆን ይሻላል።

አዲስና ውድ ከሆነ ይሻላል ብሎ ማሰብ

ትላንት የወጣ ማሽን የዋይፋይ ካርዱን ሲስተሙ ገና ላያውቀው ይችላል። ኤንቪዲያ ግራፊክስም ራስ ምታት ነው፤ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለውን ፈልጉ። የአፕል ኤም ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይጫንም።

ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ሞክሮ መወሰን

ቨርቹዋልቦክስ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። እዚያ ውስጥ የምታዩት የእውነተኛውን ማሽን ዋይፋይ፣ ግራፊክስና ቪቲ-ዲ አይደለም። ቢሠራም ባይሠራም ስለ ማሽኑ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

የተኳኋኝነት ዝርዝሩን በጥድፊያ ማንበብ

ኪዩብስ ተጠቃሚዎች የሞከሯቸውን ማሽኖች የሚያሳይ ዝርዝር አለው። ግሩም ነገር ነው። ግን የማሽናችሁን ስም ስላያችሁ ብቻ አትደሰቱ። በየትኛው ፕሮሰሰር፣ በየትኛው የባዮስ እትም፣ በየትኛው የኪዩብስ እትም እንደተሞከረ እዩ። አስተያየቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ «ሁሉም ይሠራል፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ግን ዋይፋይ ይጠፋል» የሚለው እዚያ ነው የሚገኘው። የፕሮጀክቱ ቡድን ፈትሾ ያጸደቃቸው ማሽኖች ደግሞ ለብቻቸው ተዘርዝረዋል።

አሁን ሰው ላፕቶፕ ግዛልኝ ሲለኝ መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። ሻጩን «አንዴ ላስነሳው፣ ምንም አልነካም» ብዬ እጠይቃለሁ። የጎደለ ነገር ካለ መጫኛው ራሱ መጀመሪያ ላይ ይናገራል። ዝም ብሎ ካለፈ አጠፋዋለሁ፤ የሻጩ ዊንዶውስ እንደነበረ ይቆያል። ከተገዛ በኋላ ደግሞ ቤት ወስጄ በሌላ ውጫዊ ኤስኤስዲ ላይ እጭነዋለሁ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን እሞክራለሁ፤ ክዳኑን ዘግቼ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እከፍታለሁ። የውስጥ ዲስኩን የማጠፋው ይህ ሁሉ ካለፈ ነው። ወዳጄ ሁለተኛውን ቲ430 የገዛው እንደዚህ ነው፤ 3320ኤም መሆኑን ሱቁ ውስጥ ቆመን ሦስት ጊዜ አነበብነው።